ለሰፈር ቤት እድሳት የብስክሌት ጉዞ ልናዘጋጅ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በሰፈራችን አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ቤት የምናድስ በጎ ፈቃደኞች ነን። የሚያፈስ ጣሪያ እንቀይራለን፣ ያዘመመ ግድግዳ እናቃናለን። ጉልበት አለን፤ የሚያጥረን የዕቃ መግዣ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የብስክሌት ጉዞ አዘጋጅተን ገቢ ለማሰባሰብ አስበናል። 60 ሰው ያህል እንጠብቃለን። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥተው አያውቁም። ርቀቱ ምን ያህል ይሁን? ገንዘቡስ እንዴት ይሰብሰብ? የምታውቁትን አካፍሉን።

መልስ 1

ከመንገዱ በፊት ቤቱን ምረጡ። «ለቤት እድሳት እርዱን» ብትሉ ሰው «በርቱ» ብሎ ያልፋል። «የእኚህን እናት ጣሪያ ዝናብ ሳይገባ እንቀይራለን፤ ይህን ያህል ቆርቆሮና እንጨት ይፈልጋል» ስትሉ ግን እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል።

አናጺ ይዛችሁ ሂዱና ጣሪያውን ይይላችሁ። የዛገው ቆርቆሮው ብቻ ነው ወይስ የተሸከመው እንጨትም በስብሷል? ወጪው በዚህ ይለያያል። በበሰበሰ እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ገንዘብ መበተን ነው። ሚስማሩም አይዝም።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ በጽሑፍ ይስማማ፤ ኪራይ እንደማይጨምርም ይፈርም። አለበለዚያ ቤቱ ሲያምር ኪራዩ ይወደድና ልትረዱት ያሰባችሁት ሰው ይወጣል።

መልስ 2

ሁለት ርቀት አድርጉት፤ 10 እና 25 ኪሎ ሜትር። እንዲህ የተደባለቀ ቡድን በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። 25ቱ ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል።

እኔ ብሆን መንገዱን 5 ኪሎ ሜትር ዙር አደርገዋለሁ። አንዱ ሁለቴ ይዞራል፣ ሌላው አምስቴ። የደከመው መነሻው ላይ ይወርዳል፤ መኪና ልኮ ማስመጣት የለም። ውሃውም፣ የመጀመሪያ ዕርዳታውም አንድ ቦታ ይሆናል። መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚቆሙት አስተባባሪዎችም ጥቂት ይበቃሉ። ዙሩን በምትመርጡበት ጊዜ መኪና የሚመጣበትን መስመር አቋርጦ መታጠፍ የማያስፈልግበትን ፈልጉ። ለጀማሪ እሱ ነው አደገኛው።

ከሁሉም ኋላ አንድ ጠንካራ ነጂ መድቡ። ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም። ውድድር እንዳልሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሰዓት አትያዙ፣ ደረጃ አትስጡ።

መልስ 3

ብስክሌቶቹን አደራ! ለዓመታት ተቀምጠው የከረሙ ናቸው የሚመጡት። ሰው ከመነሳቱ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ይያቸው። ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫን። የፊቱን ፍሬን ይዞ ወደፊት ይግፋው፤ የፊት ጎማው ከዞረ ፍሬኑ አይሠራም ማለት ነው። የኋላውንም እንዲሁ። ሰንሰለቱ ከደረቀ ዘይት ጠብ ያድርግበት። መቀመጫው ዝቅ ያለበት ሰው ጉልበቱን ያመዋል፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሩ በትንሹ ብቻ መታጠፍ አለበት።

የጎማው መጠን ጎኑ ላይ ተጽፏል። ስትመዘግቡ ጠይቁና ትርፍ የውስጥ ጎማ በዚያው ልክ ያዙ። ሄልሜት የሌለው አይነሳ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጓደኛችን «በኪሎ ሜትር ቃል እናስገባ» ይላል፤ ማለትም ነጂው በሄደው ኪሎ ሜትር ልክ ደጋፊዎቹ ሊከፍሉ ቃል ይግቡ ነው። ያዋጣል?

መልስ 4

ለአጭር ጉዞ አያዋጣም ወንድሜ። ከጉዞው በኋላ ቃል የገባውን ሰው እየዞሩ መለመን ይመጣል። የመመዝገቢያ ክፍያ ቁርጥ ይሁን፤ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ነጂ ከወዳጅ ዘመዱ አስቀድሞ ያሰባስብ። ለጉዞው ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይውጣ። ለእያንዳንዱ ገቢ ደረሰኝ ስጡ።

ስፖንሰር ጋ ስትሄዱ ጥሬ ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ። ውሃ፣ ቲሸርት፣ የድምፅ ማጉያ በዓይነት ይስጧችሁ። የዝግጅቱን ወጪ ስፖንሰር ከሸፈነው «የከፈላችሁት በሙሉ ቤቱ ላይ ይውላል» ብላችሁ በልበ ሙሉነት ትናገራላችሁ። ይህች ቃል ብዙ ሰው ታመጣለች።

ቀኑን ከማስነገራችሁ በፊት ግን የማዘጋጃ ቤቱንና የትራፊክ ፖሊስን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ዕለቱ ላይ ማንም አያውቀውም።

መልስ 5

ነጂዎቹ ገንዘብ ሰጥተው ብቻ አይበተኑ። አሜሪካ ውስጥ ባይክ ኤንድ ቢልድ የሚባል ድርጅት ያደረገውን እዩ። ወጣቶቹ አገር አቋርጠው በብስክሌት ሲጓዙ መንገድ ላይ እየቆሙ ቤት ግንባታ ያግዙ ነበር። እናንተም የእድሳቱን ቀን መመዝገቢያው ቅጽ ላይ አስገቡት፤ የፈለገ ስሙን ይጻፍ።

ጉዞውን ግን እድሳት በሚደረግለት ቤት ደጃፍ አታሳልፉት። ስልሳ ሰው ቆሞ የችግራቸውን ጣሪያ ሲያይ የቤቱ ባለቤት ምን ይሰማቸዋል? ፎቶም ቢሆን ሳይፈቅዱ አይነሳ። ሥራው ሲያልቅ አዲሱን ጣሪያና የወጪውን ዝርዝር ለከፈለው ሁሉ ላኩ።