የነባር ሕዝቦች ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት፦ ባህል ግዴታ ይሁን ወይስ ሂሳብና ንባብ ይቅደም?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ባለው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር) ውስጥ ልጅ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚመለከተው ነው። ከ2023/24 የትምህርት ዘመን ጀምሮ እዚህ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ ማንኛውም ተማሪ በነባር ሕዝቦች ላይ ያተኮረ የ4 ክሬዲት ትምህርት መውሰድ አለበት። በካናዳ ነባር ሕዝቦች ስንል ፈርስት ኔሽንስን (በየአካባቢው የየራሳቸው ስምና ቋንቋ ያላቸውን ሕዝቦች)፣ ሜቲስን (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለደውን ሕዝብ) እና ኢኑዊትን (የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝብ) ማለታችን ነው። በ2023 መገባደጃ የወጣ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት የነባር ሕዝቦች የትምህርት ምክር ቤት እንዲኖረው ያዛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት «ይሄ ማንን ነው የሚጠቅመው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄዋን ወደ መድረክ አምጥተነዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት የነዚህን ልጆች ባህልና ማንነት የመደገፍ ግዴታ አለበት ወይ? ለውጤታቸውስ ይበጃል? ስድብ የለም፤ ሐሳብ በሐሳብ ብቻ።

እናት ከሰሬይ፦
ጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ከቫንኩቨር አጠገብ ካለችው ከሰሬይ። በግልጽ ልናገር። በነዚህ ሕዝቦች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አውቃለሁ። ልብ ያለው ሰው አይክደውም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ልጄ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ባዮሎጂ አለባት፣ ኬሚስትሪ አለባት፣ ሂሳብ አለባት። አሁን ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ መጣባት። ሌላው፣ የኛም ልጆች ቋንቋ አላቸው። ለአማርኛ ትምህርት ቤቱ አንዲት ሰዓት አልሰጠንም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳችን ተሯሩጠን ነው የምናስተምረው። እነሱስ ለምን እንደኛ በየቤታቸው አያስተምሩም? ከሁሉም በላይ ግን፣ ልጆቻቸው በንባብና በሂሳብ ወደ ኋላ እየቀሩ ከሆነ የሚያስፈልጋቸው ጎበዝ አስጠኚ ነው። ከበሮ መምታት ዩኒቨርሲቲ አያስገባም።

የሂሳብ መምህር፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ልጅሽ ላረጋጋሽ። ለመመረቅ የሚያስፈልገው ክሬዲት ድሮም 80 ነበር፣ አሁንም 80 ነው። አልተጨመረም። «ኢንግሊሽ ፈርስት ፒፕልስ 12» የሚባለውን፣ በነባር ሕዝቦች ሥራዎች ላይ የቆመውን የእንግሊዝኛ ኮርስ ከወሰደች የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛዋንም አዲሱን ግዴታም በአንድ ኮርስ ትጨርሳለች። ዩኒቨርሲቲዎችም እንደ መደበኛው የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው የሚቀበሉት። ኬሚስትሪዋን የሚነካባት ነገር የለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ውጤት ልምጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ፕሮቪንስ 8ኛ ክፍል ከገቡት የነባር ሕዝቦች ልጆች በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሱት ከግማሽ በታች ነበሩ። በቅርብ ዓመታት ከ70 በመቶ አልፈዋል። የሌሎቹ ልጆች 90 በመቶ ገደማ ነው። ክፍተቱ ጠቧል፤ ግን አልተዘጋም። በዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ፦ ባህል ብቻውን ማንንም አያስመርቅም።

ግን አስጠኚ የጠፋ ብቻ እንዳይመስልሽ። እዚህ ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ። አንዱ «ዶግውድ» የሚባለው ዲፕሎማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም ኮሌጅም ያስገባል። ሌላው «ኤቨርግሪን» ይባላል። ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ በግሉ የተቀመጠለትን ግብ ሲያሟላ የሚሰጥ ማስረጃ ነው። ዲፕሎማ አይደለም። ልጁ እንደ ጓደኞቹ ጋወን ለብሶ መድረክ ሊወጣ፣ ፎቶ ሊነሣ ይችላል። ቤተሰቡም እልል ይላል። ኮሌጅ ሲያመለክት ነው በሩ የሚዘጋበት። ከሚገባው በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች በዚህ መንገድ ሲሸኙ ኖረዋል። ሁሉም አቅም ስላጡ አይደለም። 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ላይ አንድ ሰው «ይሄ ይከብደዋል፣ ቀለል ያለው ይሻለዋል» ብሎ ስለወሰነላቸው ጭምር ነው። የፕሮቪንሱ ዋና ኦዲተር በ2015 ባወጣው ሪፖርት ይህን ዓይነቱን ነገር ከዝቅተኛ ግምት የሚመነጭ ዘረኝነት ብሎ በስሙ ጠርቶታል።

እናት ከሰሬይ፦
ስለ ክሬዲቱ አመሰግናለሁ፣ ያንን ማንም በደንብ አላስረዳኝም። የኤቨርግሪኑ ነገር ግን የኔን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው። ችግሩ መምህራን ልጆቹን ዝቅ አድርገው መገመታቸው ከሆነ መፍትሔው ጠንካራ ትምህርት ነው። ባህሉ ምን ያደርግላቸዋል?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና አንቺ የአማርኛን ነገር ስታነሺ ዝም ማለት አልቻልኩም። አማርኛን ከልጆችሽ አፍ የነጠቀ ትምህርት ቤት የለም። አላስተማረም እንጂ አልከለከለም። ከነሱ ግን የነጠቀው ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከ1880ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ከ150,000 በላይ ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ወደሚያስተዳድሯቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወስደዋል። በ1920 ስለ ነባር ሕዝቦች የወጣው የፌዴራል ሕግ ተሻሽሎ መንግሥት ከ7 እስከ 15 ዓመት ያሉትን በግድ የማስገባት ሥልጣን አገኘ። ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ከተገኘ ይቀጣ ነበር። ብዙዎች ሳይመለሱ ቀሩ። የተመለሱትም ከአያቶቻቸው ጋር መግባባት አቅቷቸው ነው የተመለሱት። የነዚህን ትምህርት ቤቶች ታሪክ የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ሥራውን ሲጨርስ 94 የተግባር ጥሪዎችን አቀረበ። 62ኛው ይህ ታሪክ በየክፍሉ የግዴታ ትምህርት ይሁን ይላል። እንግዲህ የዛሬው ኮርስ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ደግሞ «በየቤታቸው ያስተምሩ» አልሽ። በማን አፍ? በዚህ ፕሮቪንስ ብቻ ከ30 በላይ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አሉ። አንዳንዶቹን አቀላጥፈው የሚናገሩት በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ናቸው። አማርኛ ሰሬይ ውስጥ ቢጠፋ ያሳዝናል፣ አገር ቤት ግን ሚሊዮኖች ይናገሩታል። የነሱ ቋንቋ እዚህ ከጠፋ ሄደው የሚሰሙበት ሌላ አገር የላቸውም። አገራቸው ይሄው ነው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦
ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም «ቤታቸው ይማሩ» የሚለውን በየቀኑ እሰማዋለሁ። በዚህ ፕሮቪንስ በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ካሉት ልጆች ከአስሩ ስድስት ሰባቱ የነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው። ከጠቅላላው የሕፃናት ቁጥር ግን አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆኑ ነው። ከወላጅ ተለይቶ በአሳዳጊ ቤት የሚኖር ልጅ ቅዳሜ የሚሄድበት የቋንቋ ክፍል የለውም። አያቱ ሌላ ከተማ ናት። አሳዳጊው ደግ ሰው ቢሆንም የልጁን ሕዝብ ስም እንኳ በትክክል ላይጠራው ይችላል። ለዚህ ልጅ ከማንነቱ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ቦታ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

ይህን ብዬ ግን ትምህርት ቤቶች የሚያደርጉትን ሁሉ አልደግፍም። እንዲያውም ብዙው ያበሳጨኛል። በሴፕቴምበር መጨረሻ የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆችን ለማሰብ ሁሉም ብርቱካናማ ቲሸርት ይለብሳል፣ ኮሪደሩ ላይ «ድሪምካቸር» (በክር የተጠለፈ፣ ላባ የተንጠለጠለበት ክብ ጌጥ) ይሰቀላል፣ በማግስቱ ሁሉም ነገር ይረሳል። ድሪምካቸር በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የሚኖረው የኦጂብዌ ሕዝብ ነው፤ የዚህ የባሕር ዳርቻ ሕዝቦች አይደለም። በዚህ ፕሮቪንስ ከ200 በላይ ፈርስት ኔሽንስ አሉ። ቫንኩቨር ውስጥ ከምታገኟቸው ልጆች ብዙዎቹ ደግሞ ቤተሰባቸው ከሌላ ፕሮቪንስ የመጣ ክሪ ወይም ሜቲስ ነው። ሁሉንም «የነባር ሕዝቦች ባህል» ብሎ አንድ ላይ መቀቀል ልጁን አይጠቅመውም። ከዚያ የባሰው፣ መምህሩ ወደ አንድ ልጅ ዞሮ «እናንተ ይህን እንዴት ነው የምታደርጉት?» ሲለው ነው። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ስለ ሕዝቡ በሙሉ መልስ እንዲሰጥ በጓደኞቹ ፊት ይፈተናል። እንዲህ ካደረጋችሁት ባታደርጉት ይሻላል።

ተመራቂ፦
እኔ ኢንግሊሽ ፈርስት ፒፕልስ 12ን ባለፈው ዓመት ወስጃለሁ። እትዬ፣ ቀላል እንዳይመስልዎት። ድርሰቱ እንደ ሌላው እንግሊዝኛ ነው፣ ትንታኔው እንዲያውም ይከብዳል። የምናነበው ነባር ሕዝቦች ራሳቸው የጻፉትን ነው። ተረኮችን ደግሞ በቃል አዳምጠን እንሠራለን፤ ማን እንደተረከው፣ ማን የመተረክ ፈቃድ እንዳለው ጭምር እንማራለን።

ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል፣ እጇን ስታወጣ አላስታውስም። አንድ ቀን ስለ ሳልሞን ወንዞች የሚናገር ጽሑፍ እያነበብን መምህራችን አንድ ነጥብ ተሳሳተ። እጇን አውጥታ አረመችው። ዓሣው የትኛው ወር እንደሚወጣ፣ ቤተሰቧ የት ሆኖ እንደሚጠብቀው ተናገረች። መምህሩ ማስታወሻ ያዘ። ከዚያ በኋላ በሌሎቹም ክፍሎች ትናገር ነበር። ይሄ በሂሳብ ውጤቷ ላይ ምን እንዳመጣ አላውቅም። መቅረት ግን አቆመች።

የሂሳብ መምህር፦
መቅረት ማቆሟን ቀላል ነገር አታድርጊው። እኔ ለሌለ ተማሪ ስለ ክፍልፋይ ማስተማር አልችልም።

እናት ከሰሬይ፦
የልጅቷ ታሪክ ልቤን ነክቶታል። ግን አንድ ልጅ ናት። ለሁሉም ይሠራል የምትሉ ከሆነ ማስረጃ አሳዩኝ።

ጡረተኛው፦
ተገቢ ጥያቄ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ፎርት ዲፋያንስ በሚባል ቦታ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በ1986 ትንንሽ ልጆችን በዚያ ባለው ነባር ሕዝብ በናቫሆ ቋንቋ ማስተማር ጀመረ። ወላጆች ያንቺኑ ስጋት ነበራቸው፤ እንግሊዝኛቸው ይጎዳል ብለው ፈሩ። ልጆቹ 4ኛ ክፍል ሲደርሱ በእንግሊዝኛ ፈተና፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተማሩት ጋር እኩል ሆኑ። በሂሳብ በለጧቸው። ናቫሆም ጨመሩ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተማሩት ግን ትምህርት ቤት ሲገቡ የነበራቸውን ናቫሆ እንኳ እያጡ ሄዱ።

ኒውዚላንድ ደግሞ የዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2001 «ቴ ኮታሂታንጋ» የተባለ ሥራ ጀመሩ። የአገሩን ነባር ሕዝብ፣ የማኦሪን ተማሪዎች ራሳቸውን ጠየቁ፦ ትምህርት የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው? ልጆቹ ከመምህራን ጋር ያለን ግንኙነት ነው አሉ። መምህራኑ ሲጠየቁ አብዛኞቹ የልጆቹ ቤተሰብና ኑሮ ነው አሉ። የኦዲተሩን ሪፖርት ያነበበ ሰው ይሄን ልዩነት ወዲያው ይለየዋል። መምህሩ ችግሩን ልጁ ቤት ካስቀመጠው እሱ የሚያስተካክለው ነገር አይኖርም።

የሂሳብ መምህር፦
ጋሼ፣ ያመጡት ማስረጃ ጥሩ ነው፤ ግን በሐቀኝነት እንየው። ፎርት ዲፋያንስ ልጆቹ ለዓመታት በቋንቋቸው ተምረዋል። እኛ ጋ ያለው በ12 ዓመት ውስጥ አንድ የ4 ክሬዲት ኮርስ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። በኔ እምነት ይሄ ኮርስ በዋናነት የሚጠቅመው ሌሎቹን ልጆች ነው፣ የእህታችንን ልጅ ጭምር። ነርስ ስትሆን ከፊቷ የምትተኛው አሮጊት አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገች ልትሆን ትችላለች። አሮጊቷ ለምን ነጭ ጋወን እንደምትፈራ ልጅቷ ካወቀች የተሻለች ነርስ ትሆናለች። ለነባር ሕዝቦች ልጆች ውጤት ግን ከኮርሱ ይልቅ ወሳኙ ሕዝቦቹ ራሳቸው ውሳኔው ውስጥ መኖራቸው ነው።

በካናዳ ምሥራቅ ያለውን የኖቫ ስኮሺያ ፕሮቪንስ ተመልከቱ። የዚያው ነባር ሕዝብ የሆኑት የሚክማቅ ማኅበረሰቦች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትምህርታቸውን በስምምነት ራሳቸው ያስተዳድራሉ። ከሁለተኛ ደረጃ የሚመረቁት ተማሪዎቻቸው 90 በመቶ ገደማ ደርሰዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያንን ሙሉ በሙሉ መቅዳት አይችልም፤ አዲሱ ምክር ቤት ግን ወደዚያ የሚወስድ አንድ እርምጃ ነው። ፕሮቪንሱ ለእያንዳንዱ ራሱን የነባር ሕዝብ ልጅ ብሎ ላስመዘገበ ተማሪ ከመደበኛው በላይ ተጨማሪ ገንዘብ ለዲስትሪክቱ ይሰጣል። አሁን የዚያን ገንዘብ አወጣጥ ምክር ቤቱ ማጽደቅ አለበት። ለከበሮ ይውል ወይስ ለሂሳብ አስጠኚ የሚለውን፣ እህቴ፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦
ብዙዎቹ ደግሞ ሁለቱንም ነው የሚጠይቁት። የምሠራባቸው ቤተሰቦች ልጄ ካልኩለስ አይማር ብለው አያውቁም። ዘፈኑንም ይማር፣ ካልኩለሱንም ይማር ነው የሚሉት። ምረጡ የምንላቸው እኛ ነን።

እናት ከሰሬይ፦
እሺ። ግዴታ መሆኑ አሁንም አልተዋጠልኝም። ሰው ተገድዶ የወሰደውን ትምህርት ልቡ አያስገባውም ብዬ አምናለሁ። መምህሩ ራሱ ካልሠለጠነ ደግሞ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ እንዳለችው ቲሸርትና ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የአማርኛውንም ጥያቄ አልተውኩትም፤ ጋሼ እንዳሉት የነሱ ይቅደም፣ የኛ ግን ይከተል። ዲስትሪክቱ ለፑንጃቢና ለማንዳሪን የቋንቋ ትምህርት ከፍቷል፣ እኛም ተሰብስበን መጠየቅ አለብን።

የኤቨርግሪኑን ግን ልተወው አልችልም። እኔ ስደተኛ ነኝ፣ ሁለቱ ወረቀቶች የተለያዩ መሆናቸውን ዛሬ ነው የሰማሁት። የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ልጠይቅ ነው። ምን ብዬ ልጠይቅ?

የሂሳብ መምህር፦
እንዲህ በይ፦ ባለፉት አምስት ዓመታት በዲስትሪክታችን ስንት የነባር ሕዝቦች ተማሪዎች ዶግውድ አገኙ፣ ስንቶቹ ኤቨርግሪን? ወደ ኤቨርግሪን ሲዘዋወሩ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ልዩነቱ ተነግሮት ፈርሟል ወይ? ኢንግሊሽ ፈርስት ፒፕልስን የሚያስተምረው ማን ነው፣ ምን ሥልጠና አግኝቷል? ምክር ቤቱ ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተሰበሰበ? የትምህርት ሚኒስቴሩ በየዓመቱ በዲስትሪክት ከፋፍሎ የሚያወጣው ሪፖርት አለ፣ ከመሄድሽ በፊት እሱን አንብቢ። ተማሪዎቹ ጥቂት ከሆኑ ግላዊነታቸውን ለመጠበቅ ቁጥሩ ይሸፈናል። «መረጃው የለንም» ካሉሽ በዚህ ምክንያት እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ የብዙ ዓመቱን ድምር ስጡኝ በያቸው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦
ስብሰባው መቼ ነው? እኔም እመጣለሁ።