ጀርመን ገጠር የትራክተር በዓል ላይ የተገኘ ሰው አለ?

የአዘዞው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ድሮ መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነድቻለሁ፣ አሁን ጥገና ላይ ነኝ። እህቴ ጀርመን አግብታ ስቱትጋርት አካባቢ ገጠር ትኖራለች። ለነሐሴ ጠርታኛለች፣ ቪዛውም ወጣ፣ ተመስገን። ባሏ ታዲያ በስልክ ባገኘኝ ቁጥር ወሬው አንድ ነው፤ በመንደራቸው በየዓመቱ የትራክተር በዓል አለ፣ አሮጌ ትራክተር ከየአቅጣጫው እየተነዳ ይመጣል፣ ይበላል ይጠጣል፣ አንተን ሳልወስድህማ አልቀርም ይላል። እኔ በዓል ሲባል የማውቀው ጥምቀትን ነው። ትራክተር ታቦት አይደል፣ ምኑ ይከበራል? ቀን ሙሉ የሚያውል ነገር አለው ወይስ ለይሉኝታ ብቅ ብዬ ልመለስ? ደግሞ ፍልሰታ ላይ ይውላል፤ ምን ልበላ ነው?

የፒያሳዋ ልጅ፦
ወንድምዓለም፣ ሂድ። ጠዋት ሂድ ደግሞ፣ ከሰዓት የደረሰ ሰው የሚያገኘው ቢራና ጡሩምባ ነው።

እኛ ጭቃ ላይ ስንሆን እነሱ ስንዴውን አጭደው ማሳው ባዶ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ቦታ በዓሉ እዚያው ማሳ ላይ ይሆናል። ትራክተሮቹ ታጥበው በመስመር ይቆማሉ፣ የተሠሩበት ዓመትና የፈረስ ጉልበታቸው ተጽፎ ይለጠፍባቸዋል። ባለቤቱ ወንበር ዘርግቶ አጠገቡ ቁጭ ይላል። ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ጠይቀው፣ እስኪመሽ አይለቅህም። ጀርመን ዝምተኛ ነው የሚሉህን እዚያ አታገኛቸውም። አዘጋጁ አብዛኛውን ጊዜ የመንደሩ ማኅበር ወይም የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድኑ ነው፤ ቢራ ቀጂውም ኬክ ጋጋሪዋም ጎረቤት ናቸው። ጥሬ ገንዘብ ያዝ። ለብርጭቆው መያዣ ያስከፍሉሃል፣ ስትመልሰው ይመለስልሃል፣ የትም ጥለኸው እንዳትሄድ።

ምግቡ ላይ ግን ጉድ ነው። ቋሊማው በአብዛኛው የአሳማ ነው፣ የአተር ሾርባው ውስጥ ሳይቀር አሳማ ጣል ያደርጉበታል፣ ኬኩ ቅቤና እንቁላል ነው። ለጾመኛ የሚተርፈው የድንች ጥብስ ነው፣ እሱንም በምን ዘይት እንደተጠበሰ ጠይቅ። እህትህ ሽሮ በእንጀራ ቋጥራ ትያዝልህ፣ ማንም ምን ይላል አትበል።

ቮላኖ፦
ጠዋት ያለችህ ልክ ናት፣ ምክንያቱን እኔ ልንገርህ። ላንዝ ቡልዶግ የሚባል ትራክተር አለ፣ በፈረንጅ ከ1921 ጀምሮ ማንሃይም ከተማ የተሠራ። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ነው፤ ትልልቆቹ ላይ ግን ያ አንዱ ከ10 ሊትር በላይ ይይዛል። ብዙዎቹ ሞተሪኖ፣ ማለት በባትሪ ሞተር የሚያስነሳው፣ የላቸውም። ሰውዬው መጀመሪያ ፊት ለፊት ያለውን የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ብረት በእሳት ያግለዋል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ሲግልለት መሪውን ከነዘንጉ ይነቅልና ጎኑ ላይ ካለው ቮላኖ፣ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ፣ ይሰካዋል፣ ወዲህና ወዲያ ያወዛውዘዋል፣ ከዚያ ዱም! ጭሱ ክብ እየሠራ ሽቅብ ይወጣል፣ ትራክተሩ በቆመበት ይዘላል፣ መሬቱ እግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል። ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የሚባል ነገር የለም፣ ርካሽ ዘይት ሁሉ ይበላል። የመጀመሪያዎቹማ የኋላ ማርሽ እንኳ አልነበራቸውም፤ ወደ ኋላ መሄድ ሲያስፈልግ ሞተሩ ራሱ በተቃራኒው እንዲዞር ይደረግ ነበር። ይኼን ያላየ መካኒክ ነኝ አይበል! ድርጅቱን በ1956 የአሜሪካው ጆን ዲር ገዛው፣ ዛሬም እዚያው ማንሃይም ትራክተር ያመርታል።

ደምቢያ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ አሮጌ ብረት ለማየት ጀርመን ድረስ አልሄድም። የደምቢያ ገበሬ ዛሬም በበሬ ነው የሚያርሰው። እዚያ ከደረስክ አዲሱን እይ፣ በሳተላይት የሚመራውን። ጡረታ የወጣ ትራክተር ጭስ ምን ይጠቅመናል?

ቮላኖ፦
ደምቢያ፣ አባባልህ ይገባኛል፤ ግን አሮጌው ነው ለእኛ የሚቀርበው። በሳተላይት የሚመራው ለማን ማሳ ነው? የጀርመን ገበሬም ብዙው መሬቱ ጠባብ ነበር፣ በፈረስና በላም ነበር የሚያርሰው። ከዚያ ያወጡት ትልልቆቹ አይደሉም፣ ትንንሾቹ ናቸው። ፌንት የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1930 የሠራው 6 የፈረስ ጉልበት ነበር፣ ሌላው ፋብሪካ ዶይትዝ በ1936 ያወጣው 11። ሣር ማጨጃ ጎኑ ላይ ይገጠምለታል፣ ከዚያ ደግሞ መውቂያውን በቺንጋ (በቀበቶ) ያዞራል። አንዱ ማሽን ሁሉን ይሠራል። የአዘዞው፣ ሰው ሁሉ ላንዙን ከቦ ሲያጨበጭብ አንተ እነዚያ ዘንድ ሂድ፤ ማጨጃው እንዴት እንደታሰረ፣ ሞተሩ በአየር ነው በውኃ የሚቀዘቅዘው፣ ማረሻው በእጅ ነው የሚነሳው ወይስ በሃይድሮሊክ፣ በደንብ ፎቶ አንሳ።

ደምቢያ፦
እሱ እንኳ ያስኬዳል። ፎቶውን እዚህ ለጥፍልን።

የፒያሳዋ ልጅ፦
ፎቶ ለማንሳት ችግር የለም። ሳይፈቀድልህ ግን ትራክተሩ ላይ እንዳትወጣ፣ እሱ ላይ ቀልድ አያውቁም። ጊዜ ከተረፈህ ስቱትጋርት ሆሄንሃይም ውስጥ የግብርና ሙዚየም አለ፣ ዝናብ በጣለበት ቀን ግባ።

የአዘዞው፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ከሆነማ ቱታዬን ይዤ ነው የምሄደው። የድንቹን ዘይት ነገር ግን በጀርመንኛ እንዴት እንደሚጠየቅ ጻፉልኝ።

የፒያሳዋ ልጅ፦
እህትህን ላካት እንጂ! አማቾቿን እስካሁን ሳትለምድ አልቀረችም።