የቤትና የቦታ ግብር ሲጨምር ጅማ ላይ ማን ላይ ይከብዳል?

የመንቲና ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ባለፈው እሁድ ዕድር ላይ ተነስቶ ዝናቡ ሲመጣ ሳይቋጭ የተበተነውን ወሬ ወደዚህ ላምጣው ብዬ ነው። ጥያቄው የቤትና የቦታ ግብር በአሁኑ ዋጋ ይሰላ መባሉ ለሁሉም ቤተሰብ ፍትሃዊ ነው ወይ የሚል ነው። ላልነበራችሁ ባጭሩ፣ ጣሪያና ግድግዳ የምንለው ግብር ሕጉ የ1968 ነው፣ አዋጅ ቁጥር 80፣ ደርግ በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በወረሰ ማግስት የወጣ። በ2017 ጥር ላይ ደግሞ ፓርላማው የንብረት ታክስ አዋጅ አፀደቀ፣ ቁጥሩ 1365። ስሌቱ የንብረቱ ግምት 25 በመቶ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ለቦታ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለቤት ከ0.1 እስከ 1 በመቶ። ፌዴራሉ ማዕቀፉን ነው ያወጣው፣ ዝርዝሩ የክልልና የከተማ ነው። እኔ ደጋፊ ነኝ ከወዲሁ ልናገር፣ ግን መጀመሪያ የምትቃወሙ በሉ።

ጡረተኛው መምህር፦
እኔ ልጀምር። ቆጪ ያለው ቤቴ ጭቃ ነው፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት፣ ጣሪያው ሁለቴ ተቀይሯል፣ ግድግዳው በየክረምቱ ይለሰናል። አሁን ደላላ ቢመጣ ሚሊዮኖች ይጠራልኛል። የጠራው ብር ግን እኔ ኪስ ውስጥ የለም፣ እኔ ጋ ያለው በየወሩ የሚመጣው ጡረታ ነው፣ እሱም ጤፍና መድኃኒት ይበላዋል። ዋጋው የጨመረው እኔ አንድ ብሎኬት ስለጨመርኩ አይደለም፣ ሰፈሩ ስለተፈለገ ነው፣ ብር ስለረከሰ ነው። ሐምሌ 2016 ዶላር ተለቀቀ ከተባለ ወዲህ ሲሚንቶውም ቆርቆሮውም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታዲያ ቤቴን ሳልሸጥ በሽያጭ ዋጋ ክፈል ስባል የት ሄጄ ላምጣ? ሽጠህ ውጣ ማለት አይሆንም ወይ?

የኪቶው አካውንታንት፦
መምህር ንግግርዎ ልክ ነው ግን ቁጥሩን እናስቀምጠው፣ ምክንያቱም ሰፈር ውስጥ የሚወራው አንዳንዱ ከአዋጁ ጋር አይገናኝም፣ ቤቱ አንድ በመቶ ተቆርጦ ይሄዳል የሚልም ሰው ገጥሞኛል። የአንድ ቤት ግምት 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ግብሩ የሚታሰብበት 1 ሚሊዮኑ ነው። ዝቅተኛው ምጣኔ ከሆነ በዓመት 1,000 ብር፣ ከፍተኛው ከሆነ 10,000 ብር። ቦታው ለብቻው ይታሰባል። በ1,000ና በ10,000 መሀል ያለው ልዩነት ለአንድ ጡረተኛ የሁለት ዓለም ያህል ነው፣ ስለዚህ ልንጮህበት የሚገባው እዛ ጋ ነው፣ ምጣኔው የት ላይ ይቆማል፣ ግምቱን ማን ያወጣዋል፣ ቅሬታ ለማን ይቀርባል።

ባለሱቅ መርካቶ፦
ግምት! አቦ ይቺን ቃል ስሰማ ሆዴ ነው የሚረበሸው። 2009ን ረሳችሁት እንዴ? ሐምሌ ላይ የቀን ሽያጭ ግምት ብለው ቁርጥ ግብሩን ሲያወጡት አምቦና ወሊሶ ሱቅ ተዘጋ፣ ሰው ወጣ። እኔም ጋ ገማች መጥቶ ነበር፣ ከየት እንደመጣ አልናገርም፣ ቆሞ መደርደሪያውን አየና ፃፈ። የገበያ ቀን ሐሙስ ነበር የመጣው! በሐሙስ ገበያ የሸጥኩትን አይቶ ሳምንቱን ሙሉ እንደዛ አድርጎ ገመተው፣ ማክሰኞ ቢመጣ ዝንብ ነበር የሚያገኘው። ሄጄ አስረዳሁ፣ ተመላለስኩ፣ ክፈልና ቅሬታህን አስገባ ተባልኩ፣ ከፈልኩ፣ ቅሬታውም ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ የኔ ተቃውሞ ግብር አልከፍልም አይደለም። የቤቴን ግምት የሚያወጣው ሰው በምን ለካው፣ የጎረቤቴንስ በምን ለካው፣ ወረቀቱን ለጥፉና ሁላችንም እንየው ነው የምለው። ካልተለጠፈ ወዳጅ ያለው ዝቅ ይልለታል ወዳጅ የሌለው ይከፍላል።

ተከራይ አጂፕ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ ሁላችሁም ስለ ባለቤት ነው የምታወሩት። ጅማ ውስጥ እኮ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ብዛቱ፣ ተማሪው ነርሱ አስተማሪው፣ ዩኒቨርሲቲው በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ ስንት ግቢ ነው ከኋላ ክፍል እየቀጠለ የሚኖረው። እኔ አንዷ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ሽንት ቤት ለአምስት ክፍል፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን። አከራዬ ገና ምንም ሳይመጣበት «ግብር ሊጨምር ነው» ብሎ ጨመረብኝ። ግብሩ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ይጨምራል። እሱ ከፋይ ይባላል እኔ ነኝ የምከፍለው፣ ደረሰኙ ላይ ግን ስሜ የለም።

የመንቲና ልጅ፦
እህቴ የኪራይ አዋጁ እኮ አለ፣ 1320/2016። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው የሚፈቀደው እሱም ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው ልክ፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል።

ተከራይ አጂፕ፦
ይላል። አዲስ አበባ ላይና ክልሎች በሚመርጧቸው ከተሞች ነው የሚሰራው አይደል? እሺ እዚህም ይሰራል እንበል፣ እኔ ውሌ በአፍ ነው። ውል ይፃፍ ብል ነገ ልቀቂ እባላለሁ፣ ከኋላዬ ሶስት ሰው ክፍሏን ይጠብቃል። ስለዚህ የቤት ግብር ሲወጣ ተከራዩ ላይ እንዳይገፋ ምን ተደረገ የሚለው ካልተመለሰ እኔ ፍትሃዊ ነው ልል አልችልም።

የቦሳው ሊዝ፦
እኔ ደግሞ ከሌላ ጎን ልምጣ። በሊዝ ነው ቦታ የያዝኩት፣ 721/2004 በሚለው አዋጅ፣ ተጫርቼ አሸንፌ ቅድሚያውን ከፍዬ ቀሪውን በየዓመቱ እየከፈልኩ ነው፣ ለዓመታት ገና ይቀረኛል፣ ባንክም አለብኝ። አጥር የሚያገናኘን ጎረቤቴ ነባር ይዞታ ነው፣ ከሊዝ በፊት የተያዘ፣ ግቢው የኔን ሶስት እጥፍ ነው፣ የሚከፍለው የቦታ ኪራይ የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይሞላም። ያውም ጥሩ ሰው ነው፣ ችግር የለብንም። ግን በአንድ መንገድ እንወጣለን፣ አንድ ቦይ ነው የሚያፈስልን፣ አንድ መብራት። ይሄ ነው እንዴ ፍትሃዊው? መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና የድሮው ስርዓት ይቀጥል ሲባል እኔ ልክፈልላችሁ እንደማለት ነው የሚሰማኝ። በሌላ በኩል ደግሞ እኔን ሊዝም ክፈል የቦታ ታክስም ክፈል ካላችሁኝ ለአንድ መሬት ሁለቴ ከፈልኩ ማለት ነው፣ እሱም መታየት አለበት።

ጡረተኛው መምህር፦
ምንም ይቅርታ አያስፈልግም ልጄ፣ ያልከው እውነት ነው። እኔም በድሮው ይቀጥል አላልኩም። አቅም ይታይ ነው ያልኩት።

የመንቲና ልጅ፦
እንግዲህ እኔ ለምን እንደደገፍኩ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል። ከተሞቻችን ገቢ የሚያገኙት በአብዛኛው ከምንድነው? መሬት በሊዝ ከማውጣት ነው። መሬት የሚወጣው ደግሞ ከየት ነው፣ ከከተማው ዳር ካለ ገበሬ። በጅሬን በኩል ብትወጡ፣ በኪቶ በኩል ብትወጡ፣ ልጅ ሆነን በቆሎ የሰረቅንበት ማሳ ዛሬ የግንብ አጥር ነው። ገበሬው ካሳ ተቀብሎ ካሳው አልቆ ልጁ ዛሬ ባጃጅ ላይ ረዳት ነው ወይም ቀን ሰራተኛ። ከተማው ብር በፈለገ ቁጥር ዳር ዳሩን መሬት መቁረጥ አለበት ማለት ነው፣ መሬት ደግሞ አንዴ ከሄደ ሄደ። መሀል ከተማ ያለው ትልቅ ግቢ ግን እዚህ ግባ የሚባል ሳይከፍል ይቀመጣል፣ አጥሮ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅም አለ። የቤትና የቦታ ግብር በየዓመቱ የሚመጣ ገቢ ነው፣ ከተማው ከገበሬው ላይ እጁን እንዲያነሳ የሚያደርገው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1999 ቆጠራ ጅማ 120,960 ሰው ነበረች፣ ዛሬ የትና የት፣ ቦዩ ግን የድሮው ቦይ ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር ያለው ሰው ክረምት በመጣ ቁጥር እቃውን አልጋ ላይ ሰቅሎ ነው የሚያድረው። ያ ቦይ በምን ብር ይሰራ?

ባለሱቅ መርካቶ፦
ገበሬውን ያነሳኸው ልቤን ነክቶኛል፣ አጎቴ አንዱ ነው። ግን ግብሩ ሲገባ መሬት መቁረጡ ይቆማል ያለህ ማነው? ሁለቱንም ቢያደርጉስ? ኮሪደር ልማቱ ከተማውን አሳምሮታል እሺ፣ መንገዱ ዳር መብራትና አበባ አለ፣ ከመንገዱ ጀርባ ሁለት መቶ ሜትር ግቡ እስቲ፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ውስጥ ለውስጥ ያለው ሰው ክፈል ሲባል ምን አየሁ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ደግሞ መዋጮውን አትርሱ። ለዚህ አዋጡ ለዛ አዋጡ፣ ለሁሉም ቤት እኩል፣ ባለፎቁም ጠላ ሻጯም አንድ ዓይነት። እሱ ግብር ተብሎ አይጠራም ግን ከኪስ የሚወጣው ያው ብር ነው።

የኪቶው አካውንታንት፦
መዋጮውን ያነሳኸው ጥሩ ነው፣ እኔ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ለሁሉም ቤት እኩል የሚባለው ነገር ደሃው ላይ ነው የሚከብደው። እንግሊዝ አገር ይሄን ሞክረውት ያውቃሉ፣ በፈረንጆች 1990 የታቸር መንግስት የቤት ግብሩን ሽሮ በሰው ልክ እኩል የሚከፈል ግብር አመጣ፣ ለንደን ላይ ብጥብጥ ሆነ፣ ታቸርም በዛው ዓመት ወረደች፣ 1993 ላይ ካውንስል ታክስ በሚባል፣ በቤቱ ግምት ደረጃ በሚከፈል ግብር ተቀየረ። እህቴ ለንደን ስለሆነች ሂሳቡን አብረን ሰርተን እናውቃለን። የሚገርመው የነሱም ግምት እስከ ዛሬ የ1991 ዋጋ ላይ ነው የቆመው፣ የኛ 1968 ላይ እንደቆመው። በዛ ላይ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለ ቤት ግብሩ ዝቅተኛው ላይ ያለው ቤት የሚከፍለውን ሶስት እጥፍ ብቻ ነው፣ ቤተ መንግስት የሚያህል ቢሆንም። የሚከፍለው ደግሞ የሚኖርበት ሰው ነው፣ ተከራይ ከሆነም ተከራዩ። ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን 25 በመቶ ይቀነስለታል። ከነሱ የምወስደው ይቺን ቅናሽ ነው፣ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ማየቷን። ባሏ የሞተባት እናት አምስት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ስላለች ሀብታም አይደለችም።

ተከራይ አጂፕ፦
ተከራዩ ይከፍላል የሚለውን ግን እዛው ይተውልን እባክህ።

የኪቶው አካውንታንት፦
ይቅር፣ እሱን ማንም እንዲያመጣው አልፈልግም።

መምህር ላሉት ደግሞ መንገድ አለው። ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ባለቤት የቤት ግብሩን እንዲያቆይ ይፈቀድለታል፣ በወለድ ተይዞ ይቆይና ቤቱ ሲሸጥ ወይ ለወራሽ ሲተላለፍ ይከፈላል። እኛም እንዲህ ቢደረግ እርስዎ ከጡረታዎ ሳይቆረጥ ይኖራሉ፣ የቦሳው ልጅም ተበደልኩ አይልም፣ ከተማውም ብሩን አያጣም፣ ይዘገይበታል እንጂ።

ጡረተኛው መምህር፦
ወለዱ አልተመቸኝም። ለብዙ ሰውም እዚህ አገር አይመችም፣ የሃይማኖትም ጉዳይ ነው፣ ጅማ ላይ ወለድ ያለበት ነገር አምጥተህ ግማሹ ሰፈር አይነካውም። ያለ ወለድ ከሆነ እስማማለሁ። ደግሞ ልጆቼ ይሄን ዕዳ እንደሚወርሱ አስቀድሞ ይነገራቸው፣ እኔ ስሞት ድንገት ወረቀት እንዳይመጣባቸው።

የቦሳው ሊዝ፦
ያለ ወለድ ከሆነ ግን ብር እየረከሰ ሲሄድ የቆየው ዕዳ ምንም ማለት አይሆንም እኮ መምህር፣ የሚከፍለው እኔ ነኝ በመጨረሻ።

ጡረተኛው መምህር፦
እሱን አላሰብኩትም። በብር ሳይሆን ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ ቢያዝስ? ቤቱ ሲሸጥ ይቺን ያህል በመቶ ብሎ። ወለድም አይሆን፣ ዋጋውም አይጠፋ።

የኪቶው አካውንታንት፦
መምህር ይሄ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ እውነቴን ነው። ሊሰራ ይችላል።

ባለሱቅ መርካቶ፦
እናንተ ስለ አከፋፈል ተስማማችሁ፣ እኔ ገና ግምቱ ላይ ነኝ። ካርታ የሌለው ቤትስ? በየሰፈሩ ስንት ቤት አለ በድሮ ወረቀት የተቀመጠ፣ ያለ ወረቀት የተሰራ። ያ ሰው አይከፍልም፣ ካርታ አውጥቶ ሕጋዊ የሆነው ይከፍላል። ሕጋዊ መሆን ቅጣት ሊሆን ነው። ቀበሌ ቤት ያለውስ፣ በ1967 በተወረሰ ቤት ውስጥ በጥቂት ብር እየኖረ ግማሹን በብዙ ሺህ የሚያከራይ አለ፣ አውቃለሁ፣ ታውቃላችሁም። እነዚህ ሳይነኩ እኔን ብትነኩኝ አልቀበልም።

የመንቲና ልጅ፦
እዚህ ላይ መልስ የለኝም። ትክክል ነህ።

እሺ እሁድ 8 ሰዓት ዕድር ስብሰባ አለ፣ የቀበሌ ሰው እንዲገኝ ሽማግሌዎቹ ጠርተውታል። ሶስት ነገር እናንሳ፣ የግምቱ ዝርዝር በሰፈር ይለጠፍ፣ ጡረተኛና ብቻውን የሚኖር ሰው ግብሩ እስከ ሽያጭ ይቆይለት፣ ተከራይ ላይ የሚገፋው ይከልከል። ባለሱቅ አንተ የቀበሌ ቤቱን ጉዳይ አንሳው፣ እኔ ብናገረው አያምርም፣ የአክስቴ ቤት የቀበሌ ቤት ነው።

ባለሱቅ መርካቶ፦
እመጣለሁ። የ2009ን ወረቀትም ይዤ እመጣለሁ፣ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ተከራይ አጂፕ፦
ተከራይ የዕድር አባል አይደለም። አራት ዓመት ሰፈሩ ውስጥ ኖሬ ማንም ዕድሩ ውስጥ ግቢ ብሎኝ አያውቅም። ብመጣ መናገር እችላለሁ?

ጡረተኛው መምህር፦
ነይ። ሰብሳቢው ተማሪዬ ነበር፣ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ። ውሉ በአፍ መሆኑንም ራስሽ ንገሪያቸው፣ እኛ ብንነግርልሽ እንዳንቺ አይሆንም።