ወደ ማር የምትመራው ወፍና ሰው በእርግጥ ይግባባሉ?

የደቡብ መንገደኛ፦
ሥራዬ ብዙ ጊዜ ወደ ቦረና ስለሚወስደኝ፣ ሰውን እየመራች የዱር ንብ ካለበት ዛፍ ስለምታደርስ ወፍ ከሽማግሌዎች ሰምቻለሁ። ወፏ ሰው ስታይ እየተንጫጫች እንደምትጠራ፣ ሰውም በፉጨት እንደሚጠራት፣ ማሩ ተቆርጦ ድርሻዋ ካልተተወላት ደግሞ በሌላ ቀን አውሬ ወዳለበት እንደምትወስድ አጫውተውኛል። የመጨረሻውን ለተረት ትቼዋለሁ። ውሻና ፈረስ ሰው አሳድጎና አልምዶ ስለሚይዛቸው ቢግባቡት አይደንቅም፤ ማንም ያላለመዳት የዱር ወፍ ግን ከሰው ጋር ትግባባለች ማለት ይቻላል ወይስ ትርጉሙን የምንሰጠው እኛው ነን? የተጠና ነገር የሚያውቅ ቢያብራራልኝ አመሰግናለሁ።

ሰፈፍ፦
ከተረቱ በስተቀር ሽማግሌዎቹ የነገሩዎት በጥናት የተደገፈ ነው። በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች ዘንድ ጉዳዩን የመረመሩት፣ ራሳቸውም ቦረና የሆኑት ኬንያዊው ሁሴን ኢሳቅ ከጀርመናዊው ኡሊ ራየር ጋር ሆነው ሲሆን፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትመዋል። ማር ፈላጊዎች ያለ ወፍ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ሲፈጅባቸው፣ ወፏ ስትመራቸው ግን ከሦስት ሰዓት ብዙም አልዘለለም። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው ቦረናዎች ከወፏ አኳኋን የሚያነቡት ነገር ነው፦ መጀመሪያ ተነሥታ ከዓይን ተሰውራ የምትቆይበት ጊዜ፣ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ያለው ርቀትና የምታርፍበት ቅርንጫፍ ከፍታ ጎጆው ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግራቸዋል፤ እየቀረቡ ሲሄዱ ዝቅ ብላና ቶሎ ቶሎ ታርፋለች። ሰውም በበኩሉ ሁለት እጁን ገጥሞ፣ ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ከሩቅ የሚሰማ ፉጨት ያሰማል። ጥቅሙም የጋራ ነው፤ ወፏ ሰሙንና እጩን ትፈልጋለች፣ ዛፉን ፈልፍላ ንቡን በጭስ ማባረር ግን አትችልም።

ተጠራጣሪ፦
መረጃው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ተግባቡ» ከማለታችን በፊት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በርሊንን ጉድ ያሰኘውን ሃንስ የተባለውን ፈረስ ማስታወስ ይገባናል። ደምርና ቀንስ ሲባል በሰኮናው እየመታ ይመልስ የነበረው ይህ ፈረስ፣ ኦስካር ፕፉንግስት መርምሮ እንደደረሰበት፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ ሲቀር ይሳሳት ነበር፤ ያነብ የነበረው ሰዎቹ ሳይታወቃቸው የሚያሳዩትን የአካል እንቅስቃሴ እንጂ ቁጥሩን አልነበረም። ወፏም የምታየው ጫካ ውስጥ የሚሄድ ሰው ብቻ ቢሆንስ? ፉጨቱ ለሰውየው ልማድ፣ ለወፏ ግን ምንም ላይሆን ይችላል።

ሰፈፍ፦
ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ የተፈተነውም ይኸው ነጥብ ነው። ተመራማሪዋ ክሌር ስፖቲስዉድና ባልደረቦቿ በሞዛምቢክ ኒያሳ ጥብቅ ሥፍራ፣ የያኦ ሕዝብ ማር ቆራጮች ወፏን የሚጠሩበትን «ብርርር-ህም» የሚል ድምፅ ቀድተው እየተጓዙ በድምፅ ማጉያ አሰሙ፤ በሌላ ጊዜ ተራ የሰው ቃላትን፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የርግብ ድምፅን። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በሌሎቹ ድምፆች 33 በመቶ ገደማ የነበረው የመመራት ዕድል በጥሪው ወደ 66 በመቶ ከፍ ብሏል። በሁሉም ጊዜ ጫካ ውስጥ የሚሄድ ሰው ስለነበረ፣ ልዩነቱ የመጣው ከድምፁ ነው። ቆይቶ ደግሞ የታንዛኒያ ሃድዛዎች የሚጠሩበት ፉጨት ከያኦዎቹ ጥሪ ጋር ሲነጻጸር፣ በየአገሩ ያሉት ወፎች ይበልጥ የሚመልሱት ለአካባቢያቸው ጥሪ ሆኖ ተገኝቷል። ወፏ እንቁላሏን በሌሎች ወፎች ጎጆ ጥላ ስለምትሄድ ጫጩቷ ከእናቷ የምትማረው ነገር የለም፤ የአካባቢውን ጥሪ የምትለየው አድጋ፣ በዚያው ከሚኖሩ ሰዎች ነው ማለት ነው። እኔ ይህን መግባባት ብዬ ለመጥራት አላመነታም። ቋንቋ ነው ግን አላልኩም።

ተጠራጣሪ፦
በድምፅ ማጉያው ተረትቻለሁ። «ታውቃለች» የሚለውን ግን አሁንም በጥንቃቄ እይዘዋለሁ፤ ጥሪን ከሽልማት ጋር ማያያዝ የጠሪውን ሐሳብ ከማወቅ ይለያል።

የደቡብ መንገደኛ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ድርሻዋን ስለመተውስ የሚባለው በሁሉም ዘንድ አንድ ነው?

ሰፈፍ፦
አይደለም። ያኦዎቹ ሰሙን በለምለም ቅጠል ላይ አድርገው ያስቀምጡላታል፤ ሃድዛዎች ግን ጠግባ መምራቷን እንዳትተው ሲሉ ሰሙን የሚቀብሩበት ወይም የሚያቃጥሉበት ጊዜ አለ። ሁለቱንም ሕዝቦች ትመራለች፤ ስለዚህ ቂም ትይዛለች የሚለው ብዙ አያስኬድም። ለመምራቷ ይበልጥ የሚያሰጋው፣ ሰው ስኳር ከሱቅ እየገዛ የዱር ማር ፍለጋውን ሲተው የሚጠራትም የሚከተላትም መጥፋቱ ነው። ወደ ቦረና ሲመለሱ ግራጫ ቡኒ መልክ ያላት፣ ስትበር የጅራቷ ዳርና ዳር ነጭ ሆኖ የሚታይ ወፍ እንደሚነቀነቅ የክብሪት ሳጥን ያለ ድምፅ እያሰማች ከፊትዎ ብትመላለስ፣ ማር መቁረጥ ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጋር ይከተሏት።