አስቸኳይ፦ ኮንትሮሉ ውስጥ ያሉት ዳፍኒያዎች እየሞቱብኝ ነው

ወንዝ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። የወንዝ ውሃ መርዝ እንዳለበት ለማየት ዳፍኒያ የሚባሉትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ውስጡ አድርጌ የ48 ሰዓት ምርመራ ትናንት ጠዋት ጀመርኩ። አሁን 24 ሰዓት ሞልቶ ሳነብ ኮንትሮሉ (ማነጻጸሪያው) ውስጥ ከ20ው 7ቱ አይንቀሳቀሱም። ንጹህ ውሃ ውስጥ ያሉት ናቸው እኮ! ምንም ያልተቀላቀለበት የወንዙ ውሃ ውስጥ ደግሞ መንቀሳቀስ ያቆሙት 3 ብቻ ናቸው። ጭራሽ ግራ ገባኝ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ነው፣ ኦክስጅኑም ደህና ነው። የተረፈኝ ናሙና ለአንድ ዙር ብቻ ነው የሚበቃው። ምን ላድርግ?

ፈጣኑ፦
ክሎሪን ነው ወንድሜ። የቧንቧ ውሃ ተጠቅመህ ነው። አንድ ሌሊት አየር ንፋበት፣ ይለቃል።

መምህሩ፦
አይዞህ ልጄ። ግን ከመጣደፍህ በፊት ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዳፍኒያን የውሃ ቁንጫ ይሏታል እንጂ ቁንጫ አይደለችም። የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ናት። ቀኑን ሙሉ ውሃ እያጣራች ነው የምትመገበው፤ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። ከሌላው ቀድማ የምትጎዳውም አንዱ ለዚህ ነው። ደግሞ ሲመቻት ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ልጆቹ ሁሉ ሴት ናቸው፣ በዘር እናታቸውን ነው የሚመስሉት። በሁለት ቢከር መካከል ልዩነት ካየህ፣ ከዘር ሳይሆን ከውሃው ወይም ከአያያዙ መጣ ማለት ነው።

አንድ ነገር ተመልከት። እናቶቹ ጀርባቸው ላይ ጠቆር ያለ ኮርቻ የመሰለ ነገር አውጥተዋል? እሱ የክፉ ቀን እንቁላል መያዣቸው ነው። ምግብ ሲያጥር፣ ሲጨናነቁ፣ ብርሃኑ ወይም ቅዝቃዜው ሲለወጥባቸው ነው የሚያወጡት። ከእንደዚህ ያለ መንጋ ግልገል ወስደህ አትመርምር። ግልገሎቹም ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው መሆን አለባቸው።

ወንዝ ዳር፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ። እህት ነኝ፣ ችግር የለውም። ኮርቻ ያወጣች የለችም፣ ግልገሎቹም የሌሊት ናቸው። ውሃው የቧንቧ ነው፣ ግን አየር ሲነፋበት 3 ቀን ሆኖታል።

ቁጥር ወዳድ፦
ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ መነሻው ራሱ አይገባኝም። በዚህ ዘመን ብረቱን፣ ፀረ ተባዩን፣ አሞኒያውን በመሣሪያ መለካት እየተቻለ በእንስሳት ሞት ውሃ መመርመር ለምን? ከዚያም ቁጥር ከፈለግሽ የኮንትሮሉን ሞት ቀንሺለት። የአቦት ቀመር ከ1925 ጀምሮ ያለው ለዚሁ ነው።

የደለል ሰው፦
ቁጥር ወዳድ ወንድሜ፣ መሣሪያ የሚመልሰው የጠየቅከውን ብቻ ነው። 20 ነገር ካስለካህ 20 ቁጥር ይሰጥሃል፤ 21ኛው ገዳይ ቢሆን ዝም ይላል። የሁለት መርዝ ድምር ምን እንደሚያደርግም አይነግርህም። መሣሪያው መዳብ በዛ ሲል መዳቡ ከበሰበሰ ቅጠል ከሚመጣው ቡናማ ነገር ጋር ተጣብቆ እንስሳዋ ላይ ምንም ላያደርስ ይችላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እንስሳዋ «ይጎዳል» ትላለች፣ መሣሪያው «ይህ ነው የጎዳው» ይላል።

የአቦት ቀመር ደግሞ ለትንሽ ጉድለት ነው። በኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የዳፍኒያ ምርመራ መመሪያ 202 ኮንትሮሉ ውስጥ መቆም የሚፈቀደው እስከ 10 በመቶ ነው። ከ20 እንስሳ 2 ማለት ነው። የእሷ 7 ነው፣ 35 በመቶ። ይህ ምርመራ ወድቋል፣ ቀንሶ ማዳን የለም።

እህቴ፣ ሁለት ነገር ንገሪን። አንደኛ፣ የቆሙት ታች ናቸው ወይስ ላይ ተንሳፍፈዋል? ግልገሎቹን ከፒፔት (ከመምጠጫ ቱቦው) ወደ ውሃው ፊት ላይ ጠብ ካደረግሻቸው ዛጎላቸው ውስጥ አየር ይገባና ላይ ታስረው ይቀራሉ። ያ መርዝ አይደለም። አፉ ሰፋ ያለ ፒፔት ይዘሽ ጫፉን ውሃ ውስጥ አስገብተሽ ነው መልቀቅ። ሁለተኛ፣ ናሙናውን በንጹህ ውሃ ያቀጠንሽባቸው ቢከሮችስ ስንት ስንት ቆሙ?

ፈጣኑ፦
ክሎሪን ነው አልኩ እኮ። አየር።

ወንዝ ዳር፦
ላይ የተንሳፈፈው 1 ብቻ ነው። ሌሎቹ ታች ናቸው፣ ቢከሩን ቀስ አድርጌ ነቅንቄ 15 ሰከንድ ጠብቄያለሁ፣ አይዋኙም። የቀጠኑት፦ 50 በመቶው ላይ 4፣ 25 በመቶው ላይ 5፣ 12.5 በመቶው ላይ 7።

እንግዳ፦
ጉዳዩን መጥለፌ አይደለም፣ ግን እኔም ተቸግሬያለሁ። የምሠራው በደለል ነው፣ ሃያሌላ የምትባለዋን ትንሽ ሽሪምፕ መሳይ ይዤ። በ10ኛው ቀን ስቆጥር ከ10ሩ 3ቱ የሉም። ሬሳም የለም። ሞቱ ልበል ወይስ ጠፉ?

የደለል ሰው፦
የጠፋ እንደሞተ ነው የሚቆጠረው። 10 ቀን ውስጥ ሬሳው ይበሰብሳል ወይም ጓደኞቹ ይበሉታል። ግን መጀመሪያ እጅህን ፈትን። ቁጥራቸውን የምታውቃቸውን ደለሉ ውስጥ ጨምር፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተህ አጥርተህ ቁጠር። ከ10 ውስጥ ቢያንስ 9 ካላገኘህ ችግሩ ዓይንህ ነው፣ ደለሉ አይደለም። ሃያሌላ ጭቃ ውስጥ መደበቅ ትችልበታለች።

ሌላው፣ ደለሉን ከመከፋፈልህ በፊት አልቅትና የተርብ ዝንብ እጭ በወረንጦ ለቅመህ አውጥተሃል? እኔ አንዴ ከአንድ ቢከር 8 እንስሳ ጠፍቶብኝ ሳምንት ሙሉ ብረት ስፈልግ ከረምኩ። በኋላ የወፈረ አልቅት ታች ተኝቶ አገኘሁት። ደለሉ ንጹህ ነበር። ለሃያሌላ ኮንትሮሉ ላይ 80 በመቶ መትረፍ አለበት፣ ለቀዩ የትንኝ እጭ 70 በመቶ። የአንተ ኮንትሮል ስንት ነው?

ጠብታ፦
ወደ ወንዝ ዳር ልመለስ። እህቴ፣ የጻፍሽውን ቁጥር ደግመሽ እይው። 3፣ 4፣ 5፣ 7፣ ኮንትሮል 7። ናሙናው በቀጠነ ቁጥር ሞቱ ጨመረ። ገዳዩ ማቅጠኛ ውሃሽ ነው። የወንዙ ውሃ እንዲያውም እያዳናቸው ነው። የደለል ሰው እንዳለው ወንዙ ውስጥ ያለው ቡናማ ነገር ብረት ይይዛል፤ ስለዚህ ብረትን፣ በተለይ መዳብን እጠረጥራለሁ።

ሦስት ጥያቄ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውሃው የሚነካው ምን አዲስ ነገር አስገባሽ? ቱቦ፣ የጎማ ክዳን፣ በርሜል? እናቶቹ ያሉት በዚሁ ውሃ ነው ወይስ በሌላ? ብርጭቆውን በምን አጠብሽው?

ወንዝ ዳር፦
ብርጭቆው እንደ ሁልጊዜው ነው፣ አሲድ፣ አሴቶን፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግሜ። እናቶቹ ያሉት ኤም 4 በሚባለው የማርቢያ ውሃ ነው። አዲስ ነገር... የበርሜሉ ፕላስቲክ ቧንቧ ስለሚያፈስ ሰሞኑን በነሐስ ቀየሩልኝ። ይህን መጻፍ አስፈላጊ አልመሰለኝም ነበር።

ጠብታ፦
አገኘነው መሰለኝ! ነሐስ ውስጥ መዳብ አለ። ሌሊቱን አንገቱ ውስጥ የቆመው ውሃ ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው። ለዳፍኒያ ደግሞ በሊትር በአስር የሚቆጠር ማይክሮግራም መዳብ ይበቃታል። እናቶቹ ምንም ያልሆኑት ኤም 4 ውስጥ ኢዲቲኤ ስላለ ነው። ብረቱን ይዞ ያስቀምጥላቸዋል። ልጆቹን ወደ ሌላ ውሃ ስታወጪያቸው መከላከያቸው ቀረ። ወደፊትም እናቶቹን ከምርመራው በፊት 48 ሰዓት ማቅጠኛው ውሃ ውስጥ አለማምጃቸው፤ ውሃው መጥፎ ከሆነ እዚያው ይነግሩሻል።

ግን ግምት ነው፣ ፈትኚው። ናሙናውን አትንኪው፣ ጨለማ ውስጥ 4 ዲግሪ ላይ ይቆይ። ዛሬ ማታ በየቢከሩ 5 ግልገል አድርጊና አንዱን በነሐሱ ቧንቧ በወረደው ውሃ እንዳለ፣ አንዱን በዚያው ውሃ ላይ ትንሽ ኢዲቲኤ ጨምረሽ፣ አንዱን ክሎሪን የሚያጠፋውን ሶዲየም ታዮሰልፌት ጨምረሽ፣ አንዱን ደግሞ ከበርሜሉ አፍ በብርጭቆ በቀዳሽው ውሃ አዘጋጂ። በኢዲቲኤው ከዳኑ ብረት ነው። በታዮሰልፌቱ ብቻ ከዳኑ ፈጣኑ ልክ ነው፣ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን ነው። ክሎራሚን በአየር ቶሎ አይለቅም፣ 3 ቀንም ላይበቃው ይችላል። በሁለቱም ከዳኑ ግን ወደ መዳብ አድዪ፣ ታዮሰልፌት መዳብንም ይይዛል። ኢዲቲኤም ሲበዛ ራሱ ይገድላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም በደህና ውሃ ላይ በዚያው መጠን ጨምረሽ አብረሽ ያዢ።

መምህሩ፦
ግሩም ነው። እኔ የምጨምረው፣ ልጄ፣ ውሃው ሲስተካከል ግልገሎቹን መርዝነቱ በታወቀው በፖታሲየም ዳይክሮሜት ሞክሪያቸው። በ24 ሰዓት ግማሾቹን የሚያቆመው መጠን በሊትር ከ0.6 እስከ 2.1 ሚሊግራም መካከል ከወደቀ መንጋሽ ጤነኛ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
ውሃውን ለመዳብ አስለኪው። አሁን የሚለካው ምን እንደሆነ ታውቋል።

ወንዝ ዳር፦
እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። አሁን ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ቢከሮቹን አዘጋጅቻለሁ። የቀረኝን ናሙና ልጨርስበት ነበር እኮ! ነገ በዚህ ሰዓት ውጤቱን እጽፋለሁ።

እንግዳ፦
የደለል ሰው፣ ኮንትሮሌ 70 በመቶ ነው። ዛሬ 10 ጨምሬ ስቆጥር 6 አገኘሁ። ሌላ ልጅ ቢከሩን ከመብራት በላይ አድርጎ ሲያይ 9 አገኘ።

የደለል ሰው፦
እንግዲህ ያ ልጅ ይቁጠርልህ። አንተም ከእሱ ጋር ተለማመድ፣ ይመጣል።

ጠብታ፦
ወንዝ ዳር፣ 3 ቀን ሆነ። የኢዲቲኤው ቢከር እንዴት ሆነ?

ፈጣኑ፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው።