ናይትሬት ከለከልኩት፣ እሱ ግን አረንጓዴ ነው፤ ባዮፕላስቲኩ የት ሄደ?

ተማሪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ሥራዬ ሳያኖባክቴሪያ (እንደ ተክል በብርሃን የሚኖር ባክቴሪያ) ከብርሃንና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ተነስቶ ፒኤችቢ የሚባለውን ባዮፕላስቲክ መሥራቱ ላይ ነው። የምጠቀመው ሲኔኮሲስቲስ 6803 የሚባለውን ዝርያ ነው። ፕላስቲኩን የሚያከማቸው ናይትሮጅን ሲራብ ነው፤ የናይትሮጅን ምግቡ ደግሞ ናይትሬት ነው። ቢጂ-11 በሚባለው ሚዲየም (የማሳደጊያ ፈሳሽ) አሳደግኩት። ጥሩ ሲሆንልኝ ከዚያ ላይ አንድ እጅ ወስጄ ናይትሬት የሌለው ዘጠኝ እጅ ቢጂ-11 ውስጥ ጨመርኩ። በጥቂት ቀን ቢጫ ይሆናል ተብዬ ነበር፣ ወይ ፍንክች! ያው አረንጓዴ ነው።

ፒኤችቢን በሚያበራው በናይል ሬድ ቀለም ነክሬ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሳየው ደግሞ ሁሉም ሴል ቀይ ያበራል። ናይትሬት ያልከለከልኩትም ጭምር። እና ለምንድነው የማይራበው? ፕላስቲኩ መኖሩንስ በምን ላረጋግጥ? በመጨረሻ በእጅ የሚያዝ ስስ የፕላስቲክ ቅጠል ለአማካሪዬ ማሳየት እፈልጋለሁ፣ ይቻላል?

የላብ ሰው

የማይራበው ስላልተራበ ነው። ቢጂ-11 በሊትር 1.5 ግራም ሶዲየም ናይትሬት አለው፤ ይህ ወደ 17.6 ሚሊሞላር ይጠጋል። አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ አዲስ ሚዲየም ብትበርዢው፣ ሴሎቹ ብዙም ካልበሉት እስከ 1.8 ሚሊሞላር ድረስ አብሮ ተሻግሯል ማለት ነው። በዚያ ላይ ደህና አድርገው ያድጋሉ።

መፍትሔው ማጠብ ነው። ካልቸሩን (ሴሎቹ ያሉበትን ፈሳሽ) በሴንትሪፊውጅ አዙሪው፣ ከላይ ያለውን ውሃ ድፊው፣ ታች የቀረውን ናይትሬት በሌለው ሚዲየም በትኚው። ይህን ሁለት ጊዜ አድርጊው። ከዚያ በስፔክትሮፎቶሜትር (የብርሃን መለኪያ መሣሪያ) በ750 ናኖሜትር የድፍርስነቱ ንባብ 0.4 አካባቢ እንዲሆን አድርገሽ ወደ ብርሃን መልሺው። በሚዲየሙ ውስጥ ያለው የብረት ጨው ትንሽ አሞኒየም አለው፣ ኮባልቱም ብዙ ጊዜ በናይትሬት መልክ ነው የሚገባው። መጠናቸው ኢምንት ስለሆነ አትጨነቂበት።

በትክክል ከተራበ መጀመሪያ የሚያፈርሰው ብርሃን የሚሰበስብበትን ሰማያዊ ፕሮቲን ነው፣ ናይትሮጅኑን ሊጠቀምበት። ቀለሙ በቀን በሁለት ቀን ውስጥ መለወጥ ይጀምራል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ቢጫ ሆነ ማለት ፕላስቲክ ሞላ ማለት አይደለም። ናይትሮጅን ሲጠፋ ሴሉ ፕሮቲን መሥራት ያቅተዋል፣ ብርሃኑና ካርቦኑ ግን መምጣታቸውን አያቆሙም። የተረፈው ካርቦን መጀመሪያ የሚከማቸው በግላይኮጅን (ከስኳር የተሠራ ክምችት) መልክ ነው። ግላይኮጅኑ ቀስ እያለ ሲፈርስ ነው አሴቲል ኮኤ የሚባለው መነሻ ሞለኪውል የሚገኘው፣ ከእሱም በሦስት እርምጃ ፒኤችቢ ይሠራል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ለክተሽ ምንም ባታገኚ ተስፋ አትቁረጪ። ሁለት ሳምንት ያህል ታገሺው፣ በየመካከሉም ናሙና ውሰጂ።

ጥርጣሬ

ከማጠቡ በፊት ግን፣ ዝርያው በእርግጥ 6803 ነው? በማይክሮስኮፕ ክብ ክብ፣ ለየብቻ ወይም ጥንድ ጥንድ ሆኖ መታየት አለበት። እንደ ዶቃ የተሰካ ክር ካየሽ ኖስቶክ ወይም አናቤና ሊሆን ይችላል። እነዚህ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስዱ ናይትሬት ብትከለክያቸው ግድ የላቸውም። ዘንግ መሳይ ከሆነና 7942 የሚባለው ሲኔኮኮከስ ከሆነ ደግሞ ቢጫ ይሆንልሻል፣ ፒኤችቢ ግን አይሠራም። ለዚያ የሚሆነው ጂን በተፈጥሮው የለውም።

ኬሚስቱ

ስለ ቀዩ ብርሃን ልመልስ። የምታይው በአብዛኛው የክሎሮፊል የራሱ ብርሃን ነው። ናይል ሬድ ያልነካውን ሴል በዚያው ማጣሪያ እዪው፣ እሱም ቀይ ያበራል። ክሎሮፊል የሚያበራው ከ650 ናኖሜትር በላይ ስለሆነ፣ ወደ 590 አካባቢ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ማጣሪያ ካገኘሽ ትንንሽ ፍሬዎቹ ተለይተው ይታያሉ። ናይል ሬድ ሌላ ቅባትንም ስለሚቀባ ለማሳያ እንጂ ለመለኪያ አይሁንሽ።

ለመለካት ሴሉን አድርቀሽ መዝኚ፣ ከዚያ በተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ 100 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል አፍይው። ፒኤችቢው ወደ ክሮቶኒክ አሲድ ይለወጣል። እሱን በኤችፒኤልሲ (የተቀላቀሉ ኬሚካሎችን ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ) ለኪ። አንዳንዱ አቋርጦ በ235 ናኖሜትር በስፔክትሮፎቶሜትር ብቻ ያነባል፤ አልመክርም። ስኳሩና ቀለሙም በአሲድ ውስጥ እዚያው አካባቢ ብርሃን ይውጣሉ፣ ስለዚህ የሌለ ፕላስቲክ ያሳይሻል። ግላይኮጅን በሞላው ሴል ላይ ደግሞ ይብሳል። ንጹሕ ፒኤችቢ ገዝተሽ በተመሳሳይ መንገድ አፍልተሽ የመለኪያ መስመርሽን ሥሪ። አሲዱ ቀልድ አያውቅም፤ ጓንት፣ መነጽር፣ ፊውም ሁድ (ጭስ የሚስብ የላብ ሳጥን) የግድ ነው።

ፈጣኑ

ይህን ሁሉ ከምትለፊ አሲቴት (የኮምጣጤ አሲድ ጨው) ጨምሪበት። ፒኤችቢው ወዲያው ከፍ ይላል።

ጥርጣሬ

ይላል፣ እውነት ነው። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጥያቄዋ «ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ» ከሆነ አሲቴት ገባ ማለት ጥያቄው ተለወጠ። ሁለተኛ፣ አሲቴት የሚወድ ሌላ ባክቴሪያ በካልቸሩ ውስጥ ካለ ይፈነዳል። ከእነዚያ ብዙዎቹ ራሳቸው ፒኤችቢ ይሠራሉ! ስለዚህ የማን ፕላስቲክ እንደለካሽ አታውቂም። ትንሽ ወስደሽ ስኳርና ፕሮቲን ባለው አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ ማሳደጊያ) ላይ ቀቢና ጨለማ ውስጥ አስቀምጪው። በጥቂት ቀን ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ያለው የባክቴሪያ ክምር (ኮሎኒ) ከበቀለ ካልቸርሽ ንጹሕ አይደለም።

የላብ ሰው

ስለ ስሱ ቅጠል፣ እስቲ እናስላው። ንባቡ 1 የሆነ አንድ ሊትር ካልቸር ሲደርቅ ሩብ ግራም አካባቢ ይሰጣል። ጂኑ ያልተነካካ 6803 ናይትሮጅን ሲያጣ ከደረቅ ክብደቱ 10 በመቶ ያህሉ ፒኤችቢ ቢሆንልሽ 25 ሚሊግራም ነው። በማውጣቱ ሂደት የሚባክነውን ቀንሺ። ጠርሙስ ታች ላይ የተጣበቀ ነጭ ገለፈት ይሆናል እንጂ ለእጅ የሚሆን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውን 63 በመቶ አይተሽ ከሆነ፣ ያ ፒርሲ የሚባለው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን የጠፋበትና ከሌላ ባክቴሪያ ጂን የተጨመረበት ዝርያ ነው። ናይትሮጅንም ፎስፈረስም ተከልክሎ የተገኘ ውጤት ነው። ካንቺው ጋር አይወዳደርም።

ሐምራዊ

ለማሳያው ብቻ ከሆነ ሐምራዊ ባክቴሪያ ሞክሪ፤ ለምሳሌ ሮዶስፒሪለም ሩብረም። ይህም በብርሃን ነው የሚያድገው፣ ኦክስጅን ግን አያወጣም። አሲቴት ስትሰጪው ደህና አድርጎ ፒኤችቢ ያከማቻል። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልተሽ ዝጊው፣ አየር አይግባበት። ነጭ ኤልኢዲ አትጠቀሚ፣ ይልቅ የድሮውን የሚሞቅ አምፖል አብሪለት፤ እነዚህ በደንብ የሚጠቀሙት ከ800 ናኖሜትር በላይ ያለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። አምፖሉ እንዳያበስለው ራቅ አድርጊው። ብቻ ይህኛው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳልመጣ በጽሑፍሽ በግልጽ አስቀምጪ።

ተማሪዋ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ! አጥቤው አሁን ወደ ቢጫ እየሄደ ነው። ቅርጹም ክብ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ፕላስቲኩን ለማውጣት ሴሉን በበረኪና አሟሙቼ ክሎሮፎርም ብጨምር ችግር አለው?

ኬሚስቱ

የታወቀ ዘዴ ነው፣ ይሠራል። ክሎሮፎርሙን ከታች ለይተሽ በቀዝቃዛ ሜታኖል አዝቅጪው። በአሴቶን ግን አይሁን፤ ክሎሮፎርምና አሴቶን ከአልካሊ ጋር ሲገናኙ በኃይል ይፋጃሉ፣ በረኪናው ደግሞ አልካሊ ነው። ያ የሰልፈሪክ አሲድ ናሙናሽም ከበረኪናው ጋር በአንድ የቆሻሻ ጠርሙስ አይደፋ፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ለየብቻ ጠርሙስ አዘጋጂና ስማቸውን ጻፊባቸው።