እንስሳን የሚያሰቃይ ልጅ አድጎ ሰውን ይጎዳል ማለት ነው?

መምህርት (ጠያቂ)፦
ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ድመት አስሮ ሲያሰቃይ ተገኘ፤ ሲጠየቅም የጸጸት ምልክት አላሳየም። አንድ ባልደረባዬ «ይህ ልጅ አድጎ ነፍሰ ገዳይ መሆኑ አይቀርም» ሲሉ፣ ሌላዋ የልጅ ጨዋታ ነው ብለው ነገሩን አቃለሉት። በእንስሳት ላይ በሚፈጸም ጭካኔና በሰው ላይ በሚደርስ ጥቃት መካከል በጥናት የታየ ግንኙነት አለ? ለአባቱስ ልንገራቸው?

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦
ግንኙነቱ አለ፤ ሆኖም ባልደረባዎ እንዳሉት የልጁን ዕጣ የሚወስን አይደለም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጆን ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጽሑፍ እንስሳትን ማሰቃየትን፣ እሳት መለኮስንና አልጋ ላይ መሽናትን ከኋለኛ ጥቃት ጋር አያይዘው ነበር፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ሦስቱ በአንድነት ነፍሰ ገዳይን አስቀድመው ይጠቁማሉ የሚለውን እምነት በበቂ ሁኔታ አልደገፉትም። (አልጋ ላይ መሽናት እዚህ ውስጥ መግባቱ፣ በእኔ ግምት፣ ብዙ ልጆችን ያለ ጥፋታቸው አስጠርጥሯል።)

ይበልጥ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው፣ በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት የተደረገው ጥናት ነው። በእንስሳት ላይ ጭካኔ ፈጽመዋል ተብለው የተከሰሱ 153 ሰዎች በጾታ፣ በዕድሜና በመኖሪያ ሰፈር ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የኃይል ወንጀል መዝገብ ያለባቸው በተከሳሾቹ ዘንድ አምስት እጥፍ ያህል በልጠው ተገኝተዋል። ነገር ግን በንብረትና በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀልም በልጠው ተገኝተዋል፤ በእንስሳት ላይ የፈጸሙት ጭካኔም ሁልጊዜ ከሌላው ጥፋት የቀደመ አልነበረም። ስለዚህ ከእንስሳ ተነሥቶ ወደ ሰው የሚያወጣ መሰላል አድርጎ ከማየት ይልቅ፣ ብዙ ጥፋቶች ከአንድ ሥር እንደሚበቅሉ ማሰብ ይሻላል። ድርጊቱን ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍም ስሕተት ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በእንስሳት ላይ መጨከንን ከልጆች የጠባይ መታወክ ምልክቶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

የሕግ ባለሙያ፦
ፖሊስም ጉዳዩን ችላ አይለውም። የአሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ለብቻው የወንጀል ዓይነት አድርጎ ይመዘግባል። ይህ ግን የአሥር ዓመትን ልጅ እንደ ተጠርጣሪ ለመመልከት ምክንያት አይሆንም።

የቤት ውስጥ ጥቃት ተጎጂዎችን የምታማክር፦
እኔ የምጠይቀው ልጁ ነገ ምን ይሆናል ብዬ ሳይሆን ዛሬ በቤቱ ምን ያያል ብዬ ነው። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው «ጥለሽኝ ብትሄጂ ውሻውን እገድለዋለሁ» እያለ እንስሳውን ማስፈራሪያ ያደርገዋል፤ በዚህም የተነሣ ከቤት መውጣታቸውን የሚያዘገዩ ሴቶች አሉ። በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት በመጠለያ ካሉ ሴቶች ጋር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ እንስሳ ከነበራቸው መካከል 71 በመቶዎቹ የትዳር ጓደኛቸው እንስሳውን ለመጉዳት እንደዛተ ወይም እንደጎዳ መናገራቸውን ያሳያል፤ የተጠየቁት 38 ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። እንዲህ ባለ ቤት የሚያድግ ልጅ ያየውን ሊደግም፣ ወይም በራሱ የደረሰበትን ከእርሱ በሚያንስ ፍጡር ላይ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ በአባቱ አይጀምሩ። ዱላው ከዚያው ቤት ከሆነ የሚመጣው፣ የእርስዎ ክስ ለልጁ ሌላ ዱላ ይሆንበታል። አስቀድመው ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ያሳውቁ፤ ልጁንም ሌሎች በሌሉበት፣ ሳይወነጅሉት፣ እንዲህ ሲደረግ የት እንዳየ ይጠይቁት።